ሊንኩን ከመለጠፍዎ በፊት ቡናውን ይጠጡ

ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ባልትና ታዘጋጃለች፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ አልፎ አልፎም ቆሎ። ባለፈው ዓመት አንድ የሰፈራችን ልጅ ድረ ገጽ ሠራላት። ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው ተጽፏል፣ የማዘዣ ቅጹም በትክክል ይሠራል። አንድ ወር ሙሉ ግን ድረ ገጹን የጎበኘነው እኔ፣ እሷና የሠራላት ልጅ ብቻ ነበርን።

እኔም ደሴ ቁጭ ብዬ "ልርዳት" አልኩ። አንድ ምሽት ስልኬ ላይ ያሉትን የቴሌግራም ግሩፖች ከፍቼ በአሥራ አንዱ ላይ ያንኑ ማስታወቂያ ከነሊንኩ ለጠፍኩ። ሃያ ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም። ከእነዚያ ግሩፖች አንዱ የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ የተሰባሰቡበት ነው። ከላይ ምን እንደተጻፈ ዞር ብዬ አላየሁም። ለካ ያን ቀን ከሰዓት ሁላችንንም ያስተማሩን መምህር አርፈው ኖሯል። ነፍስ ይማር የሚለው፣ አላህ ያጽናችሁ የሚለው፣ የቀብሩን ሰዓት የሚጠይቀው ተደርድሯል። በመካከሉ "የፆም ሽሮ በልዩ ቅናሽ!" የሚለው የእኔ መልእክት ገባ።

አድሚኑ ወዲያው አስወጣኝ። በማግስቱ ገና ቁርስ ሳልቀምስ አክስቴ ደወሉ። "አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ገብተሽ ሽሮ ትሸጫለሽ አሉ?"

ይህን የማጫውትዎ እርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ስለማይጠፋ ነው። ልጅዎ የምትሰፋውን ልብስ የምታሳይበት፣ ባለቤትዎ የማስጠናት ሥራውን የሚያስተዋውቅበት፣ ወይም ወንድምዎ የከፈተው የእንግዳ ማረፊያ ሊሆን ይችላል። ለሬዲዮና ለቢልቦርድ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ያለው ሰው የተሰበሰበበት ግሩፕ ነው። ጥያቄው እዚያ ገብቶ እንዴት መታወቅ ይቻላል የሚለው ነው።

የእኔን ጥፋት በትልቁ የሠሩት ባልና ሚስት አሜሪካ ውስጥ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1994 ላውረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ የአሪዞና ጠበቆች አንድ ማስታወቂያ ጽፈው በዩዝኔት ላይ ከ5,000 በላይ በሆኑ የውይይት ቡድኖች ውስጥ በተኑት። ዩዝኔት ፌስቡክ ከመፈጠሩ ከዓመታት በፊት ሰዎች በየርዕሱ ተቧድነው የሚወያዩበት ሥርዓት ነው። ማስታወቂያው ምን ነበር መሰልዎ? የግሪን ካርድ ሎተሪ! እኛ ዲቪ የምንለው። "ክፈሉን፣ እኛ እንሞላላችኋለን" ነው ነገሩ። በየኢንተርኔት ካፌው በር ላይ "ዲቪ እንሞላለን" የሚለውን ወረቀት ላየ ሰው እንግዳ አይሆንም። ስለ አትክልት ወይም ስለ ሂሳብ የሚወያየው ሁሉ ይህንኑ ሲያነብ በቁጣ ተነሣ። የምላሹ ብዛት የጠበቆቹን የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ስላጨናነቀው መስመራቸው ተቆረጠ። ካንተር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በቴነሲ ግዛት የጥብቅና ፈቃዱን ሲያጣ ማስታወቂያው ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል።

እውነቱን ለመናገር ግን ባልና ሚስቱ "ብዙ ደንበኛ አግኝተንበታል" ብለው መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ምናልባት አግኝተው ይሆናል። እነሱ ግን ደሴና ኮምቦልቻ መካከል አይኖሩም፤ አክስትም አትደውልላቸውም። እዚህ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ እስኪደርሱ ታክሲ ውስጥ ቢያንስ አንድ የሚያውቅዎ ሰው አያጡም። ግሩፑ ውስጥ ያለው ሰው ነገ ገበያ ላይ፣ ሠርግ ላይ ያገኝዎታል። ስምዎ አንዴ "ያቺ ሊንክ የምትበትነው" ከተባለ ሽሮው ቢጣፍጥም ባይጣፍጥም ለውጥ የለውም።

እኔ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግሩፕን የማየው እንደ ቅሬ ነው። ወሎ ውስጥ ላደጉ ቅሬ ምን እንደሆነ አላስረዳም፤ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ቅሬ ውስጥ ነጋዴም አለ፣ ሠራተኛም አለ፣ ማን ምን እንደሚሸጥ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ማንም በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሥቶ ዕቃውን አይዘረጋም። መጀመሪያ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይሸከማል፣ የታመመ ይጠይቃል። ልጁን ሲድር በርበሬ የሚፈልግ ጎረቤት ደግሞ ራሱ ፈልጎ ይመጣል።

እህቴ ይህን ከእኔ ቀድማ ገብቷታል። ከአሥራ አንዱ ግሩፖች ሦስቱን ብቻ መረጠች፤ አንደኛው የቤት እመቤቶች ስለ ምግብ ዝግጅት የሚጠያየቁበት፣ ሁለተኛው የኮምቦልቻ ሰፈሯ፣ ሦስተኛው በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉ የአካባቢው ተወላጆች የሚገናኙበት። ለሁለት ሳምንት አንድ ቃል ሳትጽፍ አነበበች። ማን መልስ እንደሚሰጥ፣ አድሚኑ ምን እንደሚከለክል፣ ሰው ማታ በስንት ሰዓት እንደሚሰበሰብ ለየች። በቴሌግራም ብዙ አድሚኖች ሊንክ ያለበትን መልእክት ወዲያው የሚያጠፋ ቦት አስገብተዋል፤ የግሩፑ ደንብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ተሰክቶ የሚገኘው መልእክት ላይ አለ። ደንቡን ማንበብ ሦስት ደቂቃ ነው። እኔ ያንን እንኳን አላደረግኩም።

ከዚያ አንዲት እናት "ደሴ ላይ በክረምት በርበሬዬ ይሻግትብኛል፣ ምን ላድርግ?" ብላ ጠየቀች። ይሄ የእህቴ ጥያቄ ነው! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምት ሲገባ የጦሳ ጭጋግ ቤት ድረስ ይገባል። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ሌላ ነው። እህቴ ረጅም መልስ ጻፈች። ዛላው ሲሰበር ካልተንኮሻኮሸ አልደረቀም፤ በዝናብ ወቅት ከማስጣት በጋ ላይ የዓመቱን አድርቆ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ከወፍጮ የመጣ በርበሬ ትኩስ እንደሆነ ከታሸገ ያልበዋል፣ ስለዚህ ዘርግቶ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ የሚቀመጥበት ዕቃም ደረቅና ክዳኑ የሚገጥም ይሁን። ሊንክ የለበትም። ከታች ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ "እኔ ራሴ ኮምቦልቻ ባልትና አዘጋጃለሁ፤ ከሥራዬ የተማርኩትን ነው።"

ይህቺን የመጨረሻዋን መስመር አይናቁ። ሻጭ መሆንን መደበቅ ከማስታወቂያ ይብሳል። አንዳንዱ በሌላ ስም አካውንት ከፍቶ "እኔ ገዝቼ በጣም ወድጄዋለሁ" ብሎ ለራሱ ይመሰክራል። በትንሽ ከተማ ይህ የሚታወቀው በሁለት ቀን ውስጥ ነው። "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለውም ለእኔ አይጥመኝም። ዋጋ የሚደብቅ ሰው እንደ ሰዉ ፊት ዋጋ የሚጨምር ይመስላል። ድረ ገጽ ካለዎት ደግሞ ዋጋውን ሁሉም የሚያይበት ቦታ አለዎት ማለት ነው።

ሊንኩ መቼ ይለጠፍ? ሲጠየቁ፣ ወይም አድሚኑ ለማስታወቂያ በፈቀደው ቀን። ከመለጠፍዎ በፊት ለራስዎ ልከው ይዩት። ቴሌግራም የገጹን ርዕስና ሥዕል ራሱ አውጥቶ ያሳያል፤ ባዶ ሣጥን ወይም የእንግሊዝኛ ኮድ ከወጣ ሠሪውን ያስተካክል ይበሉት።

አንድ ነገር ለእኛ አካባቢ የተለየ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደቆየ የሚረሳ የለም። ስለዚህ ሊንኩ ብቻውን አይበቃም። ስልክ ቁጥሩ፣ ዕቃው የሚገኝበት ቦታና ዋጋው መልእክቱ ውስጥ በጽሑፍ ይኑሩ። ሰው መልእክቱን አንዴ ካገኘ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይደውላል። የገጹን ፎቶዎችም ያሳንሱ፤ በደካማ ኔትወርክ ሥዕል እስኪከፈት የሚጠብቅ ገዢ የለም።

ግሩፕ ለእኛ ከገበያ በላይ መሆኑንም ልብ ይበሉ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስልክ ተቋርጦ፣ ቤተሰብ ተበታትኖ፣ ውጭ አገርና አዲስ አበባ ያለው ሰው እናቱን የጠየቀው በፌስቡክና በቴሌግራም ነበር። "እገሌን ያያችሁ" የሚል ፎቶ፣ "ደህና ናቸው፣ አብሽሩ" የሚል መልስ። ያኔ መልስ የሰጡትን ሰዎች ስም ዛሬም አስታውሳለሁ። ከእነሱ አንዱ ነገ ሱቅ ቢከፍት ሳላማርጥ ነው የምገዛው። እዚያው ቦታ ላይ ነው እንግዲህ እኔ የሽሮ ቅናሽ ይዤ የገባሁት።

ጥቅሙን መለካት ከፈለጉ የተራቀቀ ነገር አያስፈልግም። እህቴ አንድ ደብተር አላት። ያዘዘ ሰው ሁሉ "ከየት ሰሙ?" ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱ ይጻፋል። በሦስት ወር ውስጥ ከሰፈሯ ግሩፕ የመጣ ደንበኛ አንድ ብቻ ነው፤ ጎረቤቶቿማ ድሮም ቤቷ መጥተው ይገዛሉ። ስለዚህ እዚያ መጻፍ ትታ ጊዜዋን ለቤት እመቤቶቹ ሰጠች። እዚያም ቢሆን ደንበኛ አልጎረፈም። በሳምንት ሁለት፣ አንዳንዴ አራት። ለአንድ ወፍጮ ለምትመላለስ ሴት ግን ይህ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

እኔስ? አድሚኑን ስልክ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የመምህራችንንም ቤተሰብ ሄጄ አጽናናሁ። ከአራት ወር በኋላ ወደ ግሩፑ መለሱኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛችን ከአዲስ አበባ "የወሎ በርበሬ የት ላግኝ?" ብሎ ጻፈ። ጣቴ ሊንኩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው የእህቴን ገጽ ለጠፈለት። አድሚኑ ራሱ ነው።