ጠረጴዛ ላይ የሚገጣጠም ተዋጊ

ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ሴንቲ ሜትር የሆነ አብራሪ ለ32 ሲካፈል አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ከአመልካች ጣት የሚያጥር ሰው ማለት ነው። የሚቀመጥበት ወንበር የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። በዚያች ወንበር ላይ ግን የትከሻና የወገብ ቀበቶ ተዘርግቷል፤ በቀበቶው ላይ ዘለበት አለ። ከፊቱ ያለው ሰሌዳ በጥቃቅን ጠቋሚ ሰዓቶች ተሞልቷል፤ አጉሊ መነጽር የያዘ ሰው የፍጥነቱን ከከፍታው ለይቶ ያውቃል።

ይህ የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበያ ያቀረበው ስፒትፋየር ማርክ 9 የተባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን የ1/32 ሞዴል ኮክፒት፣ ማለትም የአብራሪው ክፍል ነው። ሞዴሉ ተሠርቶ ሲያልቅ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሳጥኑ ሲወጣ ግን አውሮፕላን አይመስልም። በፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደ ቅጠል የተንጠለጠሉ ቁርጥራጮች፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ብረት፣ ጥቃቅን ብሎኖች፣ ማግኔቶችና የመመሪያ ደብተር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የሠሪው ፋንታ ነው፤ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱ እጅ ላይ ከዓመትም ያልፋል።

ሞዴሉ ከእውነተኛው አውሮፕላን ስንት እጥፍ እንደሚያንስ የሚናገረው ስኬል ከካርታ የምናውቀው ነገር ነው። በአውሮፕላን ሞዴል ዓለም በብዛት የሚሠራባቸው አራት ናቸው፦ 1/72፣ 1/48፣ 1/32 እና 1/24። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም፤ ከእንግሊዝ መለኪያ የተወለዱ ናቸው። በ1/72 አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል፤ በ1/24 ደግሞ ግማሽ ኢንች አንድ ጫማን። ትንሹ ስኬል ለጦርነት ሥራም አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የወዳጅንና የጠላትን አውሮፕላን ከቅርጹ መለየት ለሚማሩ ወታደሮች የሚሆን 500,000 ሞዴል እንዲሠራለት የአገሪቱን ተማሪዎች ጠይቆ ነበር። ልጆቹም በትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ በ1/72 ጠርበው አስረከቡ።

1/32 እና 1/24 “ትልቅ ስኬል” ይባላሉ። ከትንሹ ስኬል ያላቸው ልዩነት በስሌት ሲታይ ይገርማል። የ1/24 ሞዴል ከ1/72 ሞዴል በርዝመት ሦስት እጥፍ ቢበልጥም በይዘት 27 እጥፍ ይበልጣል። በትንሹ ሞዴል ላይ በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ የሚታለፈው ኮክፒት እዚህ ወለልና ግድግዳ ያለው ክፍል ይሆናል። ስህተትም አብሮ ያድጋል። በ1/32 ሞዴል ሁለት ቁርጥራጮች መካከል ሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ክፍተት ብትቀር፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ስንጥቅ ማለት ነው። እንዲህ ያለ አውሮፕላን እንዲነሳ የሚፈቅድ መካኒክ የለም። ትልቅ ስኬል የሚሠራ ሰውም ዓይኑ የዚያን መካኒክ ያህል መሰላት አለበት።

ወደዚህ የጥራት ደረጃ ለመድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። የእንግሊዙ ኤርፊክስ የመጀመሪያውን የስፒትፋየር ኪት (የሚገጣጠሙ ቁርጥራጮችን የያዘ ሳጥን) ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 በ1/72 ሲሆን፣ በ1970 ያንኑ አውሮፕላን በ1/24 ሠርቶ አቀረበ። ክንፉ ከ46 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚዘረጋ ስፒትፋየር ለዘመኑ ትልቅ ዜና ነበር። ታሚያ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1946 በሺዙኦካ ከተማ እንጨት ሰንጣቂ ሆኖ ነው የጀመረው። ከጣውላ ወደ እንጨት ሞዴል፣ ከእንጨት ሞዴል ወደ ፕላስቲክ ተሸጋገረ፤ የመጀመሪያ የፕላስቲክ ኪቱ በ1960 የወጣው ያማቶ የተባለው የጦር መርከብ ነው። በ2000 ዜሮ የተባለውን የጃፓን ተዋጊ በ1/32 ሲያወጣ ለትልቅ ስኬል ሞዴሎች አዲስ መለኪያ አስቀመጠ፤ ስፒትፋየሩም የዚያ ተከታይ ነው። ዛሬ ከሆንግ ኮንግ በ1/32 የሚመጣው ቢ-17 ቦምብ ጣይ ክንፉ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ይባላል። ፍሬው ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ይገባል፤ በሴኮንዶች ውስጥ ቀዝቅዞ ከነፍሬሙ ይወጣል። ውድ የሆነው ፕላስቲኩ ሳይሆን ብረቱ ነው። እያንዳንዱ የሪቬት ጉድጓድና እያንዳንዱ የላሜራ መጋጠሚያ መስመር በጠንካራ ብረት ላይ በጥንቃቄ መቀረጽ ስላለበት፣ አንድ ትልቅ ኪት ለገበያ ከመብቃቱ በፊት ብዙ ገንዘብና ዓመታት ይበላል።

ሥራው የሚጀምረው በመቁረጥ ነው። ሠሪው ቁርጥራጩን ከፍሬሙ በስለታም መቁረጫ ፒንሳ ይለያል፤ የቀረችውን ጉጥ በምላጭ ይከረክማል፤ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ቅርጽ ማውጫው ሲከፈት ፕላስቲኩን የሚገፉ ዘንጎች ክብ አሻራ ትተው ይሄዳሉ። አሻራው ከሚታይ ቦታ ላይ ከሆነ በስቱኮ ይሞላል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይፈገፈጋል። አሰልቺ የሚመስለው ይህ ሥራ ሞዴሉ ያምር እንደሆነ የሚወስነው ነው፤ ከሥር ያልለሰለሰውን ቀለም አይሸፍነውም፣ ይልቁንም ያጎላዋል።

ማጣበቂያውም እንደ ወረቀት ኮላ ያለ አይደለም። የሁለቱን ቁርጥራጮች ፊት አሟሙቶ እርስ በርስ ያዋህዳቸዋል፤ ከማጣበቅ ይልቅ ለብየዳ ይቀርባል። ቀጭኑ ዓይነት እንደ ውሃ የሚፈስ ነው። ሁለቱን ጠርዞች አገናኝቶ የብሩሹን ጫፍ መስመሩ ላይ ማስነካት ይበቃል፤ ፈሳሹ በስንጥቁ ውስጥ ራሱ ይሮጣል። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሠራው። ሲፈገፈግ ለሚነሳው ብናኝም አፍና አፍንጫ መሸፈን ያስፈልጋል።

መመሪያው ብዙውን ጊዜ ሠሪውን መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ኮክፒቱ ነው። እዚህ ላይ ነው ትልቅ ስኬል ከአሻንጉሊት የሚለየው፤ እያንዳንዱ ቁርጥራጭ ለምን እንዲያ እንደሆነ ይጠይቃል። የስፒትፋየር የእግር ፔዳል ባለ ሁለት ደረጃ ነው። አብራሪው በሹል ኩርባ ሲታጠፍ ደሙ ወደ እግሩ ይወርድና ዓይኑ ይጨልማል፤ እግሩን ወደ ላይኛው ደረጃ ካነሳ ግን ትንሽ ይቋቋማል። መሪው ከወለሉ እስከ ጫፉ ወደ ጎን አይጋደልም፤ ኮክፒቱ ጠባብ ስለሆነ ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፈው የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። በግራ በኩል ባለችው ትንሽ በር ላይ የብረት መፈንቀያ ተሰክቷል፤ የመስታወቱ ክዳን አልከፈት ቢል ሰብሮ ለመውጣት። ይህን ሁሉ በወረንጦ ይዞ የሚገጥም ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በዚያ ወንበር የተቀመጠው ወጣት ምን ይፈራ እንደነበር በጣቱ ይማራል።

ከዚያ የመዝጊያው ቀን ይመጣል። የአውሮፕላኑ አካል ግራና ቀኝ ሆኖ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚመጣው። ኮክፒቱ በመካከል ገብቶ ሁለቱ ግማሾች ሲጋጠሙ፣ ሳምንታት የተደከመበት ሥራ ብዙው ከእይታ ይሰወራል። በር ተከፍቶ፣ የእጅ ባትሪ ተይዞ፣ አንገት ተቀልሶ ካልሆነ ፔዳሎቹ አይታዩም። ያም ሆኖ ሞዴል ሠሪዎች ፔዳሎቹን ይቀባሉ።

የማርክ 9 ታሪክ ደግሞ በሞተሩ ውስጥ ነው ያለው። ሬጂናልድ ሚቸል የነደፈው ስፒትፋየር መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1936 በደቡብ እንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን አጠገብ ነው። በ1941 ጀርመኖች ፎከ ቩልፍ 190 የተባለ አዲስ ተዋጊ ሲያሰማሩ በወቅቱ የነበረው ስፒትፋየር ማርክ 5 ተበለጠ። መልሱ ከሮልስ ሮይስ መጣ። መርሊን 61 የተባለው ሞተር አየሩን በሁለት ደረጃ አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ስለሚያስገባ፣ አየር በሚሳሳበት ከፍታ ላይም ጉልበቱ አይከዳውም። በ1942 አጋማሽ ማርክ 9 ግዳጅ ጀመረ።

ሞዴሉን የሚገጣጥም ሰው ይህን ለውጥ በእጁ ይዳስሰዋል። አዲሱ ሞተር ረዘም ስለሚል አፍንጫው ረዝሟል። የጨመረውን ጉልበት ለመጠቀም ባለ ሦስት ቅጠል የነበረው ፕሮፔለር አራት ቅጠል ሆኗል። በማርክ 5 ክንፍ ሥር በአንድ በኩል ትልቅ ራዲያተር፣ በሌላው በኩል ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ ነበር፤ የታመቀው አየር ራሱ መቀዝቀዝ ስላለበት በማርክ 9 ሁለቱም ጎን እኩል ትልልቅ ሳጥን ተሸክመዋል። በእያንዳንዱ ጎን ስድስት የጭስ ማውጫ አለ፤ ሞተሩ 12 ሲሊንደር ነውና።

ሞዴሉ የሚቀባው ቀለም በአየር በሚረጭ ብሩሽና በኮምፕረሰር ነው። አሠራሩ ጋራዥ ውስጥ ካለው የመኪና ቀለም ቀቢ አይለይም፤ የመርጫው ቀዳዳ ግን ከመርፌ የቀጠነ ነው። ቀለሙ ቀጥኖ በስስ ድርብርብ ይረጫል። አምስት መቶኛ ሚሊ ሜትር የሚሆን ቅብ በ1/32 ስሌት ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ስለሆነ፣ ወፍራም ቀለም የሪቬቶቹን ጉድጓድ ይደፍናል። የ1943 ስፒትፋየር ከላይ ጥቁር አረንጓዴና ሰማያዊ የመሰለ ግራጫ፣ ከሥር ፈዛዛ ግራጫ ነው። በጅራቱ አጠገብ ፈዛዛ አረንጓዴ መቀነት ይዞረዋል፤ የክንፉ ግንባር ጫፍ አካባቢ ቢጫ ነው።

ምልክቶቹ በውሃ ተነክረው ከወረቀታቸው የሚንሸራተቱ ስስ ሥዕሎች ናቸው። በታሚያው ሳጥን ካሉት አማራጮች አንዱ ጄ ኢ - ጄ የሚል ፊደል የተጻፈበት የጆኒ ጆንሰን አውሮፕላን ነው። በ1943 የካናዳውያን ተዋጊዎችን የመራው ይህ እንግሊዛዊ በጦርነቱ 34 አውሮፕላን እንደጣለ ተመዝግቦለታል። በክንፉ ግንባር ላይ የሚለጠፉት ቀይ ካሬዎችም ጌጥ አይደሉም፤ የመትረየሱን አፍ ከአቧራና ከውርጭ የሚሸፍን ቀይ ጨርቅ ይወክላሉ፤ የመጀመሪያው ጥይት ቀዶት ይወጣል።

አዲስ የተቀባ ሞዴል መጫወቻ ይመስላል። ስለዚህ ሠሪው ያስረጀዋል። በቀጠነ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም የላሜራ መስመሮቹን ያጥባል፤ ትርፉን ሲጠርገው መስመሩ ውስጥ የቀረው ብቻ ይታያል። ከጭስ ማውጫው ወደ ኋላ ጥቀርሻ ይረጫል። አብራሪው በግራ ክንፍ በኩል ስለሚወጣ፣ ከኮክፒቱ በታች ባለው የክንፍ ሥር ቀለሙ ተፍቆ አሉሚኒየሙ ብልጭ ይላል፤ በቀኝ በኩል ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ቆሻሻው ሁሉ ምክንያት ይፈልጋል። ማን ረገጠው? ነዳጁ የሚሞላው በየት በኩል ነው? ዘይት ከየት ያንጠባጥባል? መልሱ ከአሮጌ ፎቶግራፍ ይገኛል፤ ስለዚህ ጥሩ ሞዴል ሠሪ ከመቀባቱ በፊት ብዙ ምሽት ፎቶ ሲመረምር ያመሻል።

በዚህ መንገድ የኢትዮጵያን ታሪክ መሥራት ለሚፈልግም ኪት አለ። ኤፍ-5ኢ በ1/32 ከጃፓኑ ሃሰጋዋም፣ በኋላም ከኪቲ ሆክ ወጥቷል፤ ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኦጋዴን ጦርነት የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪዎች የሶማሊያን ሚግ-21 የገጠሙት በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። ከእነዚህ አንዱ የሆኑት ለገሠ ተፈራ ብዙ አውሮፕላን ከጣሉ በኋላ ተመትተው በሶማሊያ እስር ቤት ለአሥር ዓመት ያህል ቆይተዋል። ያን አውሮፕላን በትክክል ለመሥራት ኪቱ ብቻ አይበቃም። የደብረ ዘይትና የድሬዳዋ ሜዳ አቧራ በጎማው ማስገቢያ ውስጥ ምን ቀለም ይዞ እንደቀረ፣ በአፍንጫው ላይ ያሉት ሁለት መድፎች ሲተኩሱ ላሜራውን እስከ የት እንዳጠቆሩት የሚያሳዩ የቤተሰብና የጦር ክፍል ፎቶዎች ያስፈልጋሉ። እነዚያ ፎቶዎች ዛሬ በየአልበሙና በየሳጥኑ ውስጥ ናቸው፤ ያያቸውንና የሚያውቃቸውን ሰው ጠርቶ ማሳየት ከሞዴሉም በላይ የሚጠቅም ሥራ ነው።

የታሚያው ስፒትፋየር መጨረሻ ላይ ለሠሪው አንድ ውሳኔ ይተውለታል። የሞተሩ ክዳኖች ከተገጠሙ የአውሮፕላኑ መስመር ከፕሮፔለሩ እስከ ጅራቱ ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ መርሊኑ ግን ከነቱቦዎቹ ይጠፋል። ከተነሱ ሞተሩ ይታያል፣ መስመሩ ይሰበራል። የሳጥኑ ማግኔቶች ለዚህ ነው የገቡት። ከክዳኑ ጀርባ ተደብቀው ሠሪው አንዱንም ሳያጣ ሁለቱን እንዲይዝ ያደርጉታል። ሞዴሉ መደርደሪያ ላይ ተዘግቶ ይቀመጣል። ጠይቆ የመጣ ሲኖር ሠሪው በጥፍሩ ጫፍ ክዳኑን ቀስ አድርጎ ያነሳል፤ የቀባውን እያንዳንዱን ቱቦ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ እያሳየ ያስረዳል፤ ክዳኑም ጠቅ ብሎ ቦታው ይመለሳል።