የሴጉ ኪታቦችና የዳካሩ ጎራዴ፦ የሙዚየም ባለይዞታነት በወቅፍ ሚዛን

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋር ፊሊፕ ዳካር ላይ ለሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት ለማኪ ሳል አንድ ጎራዴ አስረከቡ። ጎራዴው የሚታወቀው የጢጃኒያ ጠሪቃ ታላቅ ሸይኽና የመንግሥት መሥራች በነበሩት በአል-ሐጅ ዑመር ታል ስም ነው። ሆኖም በዚያ ቀን የባለቤትነት ዝውውር አልተፈጸመም፤ ጎራዴው የተሰጠው ለአምስት ዓመት በውሰት ነበር። ባለቤትነቱን ለማስተላለፍ በዲሴምበር 24 ቀን 2020 ልዩ ሕግ መውጣት አስፈልጓል። አንድን ዕቃ ለመመለስ የአንድ አገር ሕግ አውጪ ምክር ቤት ድምፅ መስጠት ለምን አስፈለገው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ማብራራትና ለመምህራንና ለኢማሞች ያለውን ፋይዳ ማመልከት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ዛሬ ማሊ ውስጥ ከምትገኘው ከሴጉ ከተማ ነው። ዑመር ታል በ1861 ሴጉን ያዙ፤ በ1864 ሲሞቱም ልጃቸው አሕመዱ በቦታቸው ተተኩ። በኤፕሪል 1890 በኮሎኔል ሉዊ አርሺናር የሚመራው የፈረንሳይ ጦር ከተማዋን ሲይዝ የቤተ መንግሥቱ ኪታቦችና ጌጣጌጦች ወደ ፈረንሳይ ተጋዙ። ከ500 በላይ የሆኑት የኪታብ ጥራዞች የፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገቡ፤ ጌጣጌጦቹ በተለያዩ ሙዚየሞች ተበተኑ። በዑመር ታል ስም የሚጠራውን ጎራዴ ደግሞ አርሺናር ራሱ ለጦር ሠራዊት ሙዚየም በስጦታ ሰጠው።

በዚህ የሙዚየሞች አሠራር በግልጽ ይታያል። አንድ ዕቃ ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በዘርፍ ይመደባል፣ የሰጪውም ስም ይመዘገባል። በአንድ ዘመንና በአንድ ሥልጣኔ ውስጥ አብረው የኖሩት ኪታብ፣ ጎራዴና ጌጥ እንዲህ ሲመደቡ አንዱ «የምሥራቅ ጽሑፍ»፣ ሌላው «የጦር መሣሪያ»፣ ሦስተኛው «የሕዝቦች ባህል መገለጫ» ይሆናል። ሰጪው ዕቃውን ከማን እጅና በምን ሁኔታ እንዳገኘው ግን ለረጅም ዘመን ብዙም አይጠየቅም ነበር። ዛሬ ሙዚየሞች «የአመጣጥ ጥናት» የሚሉት ሥራ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንሳት ነው። ፌልዊን ሳርና ቤኔዲክት ሳቩዋ በ2018 ለፈረንሳይ መንግሥት ያቀረቡት ዘገባ በፈረንሳይ የሕዝብ ስብስቦች ውስጥ ከሰሐራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወደ 90,000 የሚጠጉ ዕቃዎች እንዳሉ ገምቷል።

በፈረንሳይ ሕግ መሠረት ወደ ሕዝብ ስብስብ የገባ ዕቃ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ለሌላም አይተላለፍም። የ2020ው ሕግ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። የፊቅህ ተማሪ ይህን ሲሰማ ወቅፍን ያስታውሳል፤ ወቅፍም አይሸጥም፣ በስጦታ አይተላለፍም፣ አይወረስም። የሁለቱም ዓላማ ጥቅሙ ለብዙዎች እንዲደርስ ዕቃውን ከግለሰብ ፍላጎት ማራቅ ነው። ሆኖም ፉቀሃዎች ወቅፍ እንዲጸና አንድ መሠረታዊ መስፈርት አስቀምጠዋል፤ ወቅፍ አድራጊው የዕቃው ባለቤት መሆን አለበት። የሰውን ንብረት ወቅፍ ያደረገ ሰው አድራጎቱ አይጸናለትም። በገስብ፣ ማለትም በጉልበት የተወሰደ ዕቃ፣ ዐይኑ እስካለ ድረስ ራሱ ይመለሳል፤ ከጠፋ ደግሞ ምትኩ ወይም ዋጋው ይከፈላል። በዚህ ሚዛን ሲታይ አለመሸጥና አለመለወጥ ክቡር መርህ ነው፤ ነገር ግን የሚጠብቀው በትክክለኛ መንገድ የተገኘን ንብረት እንጂ ያለ መብት የተያዘን አይደለም። የ2019ኙ ውሰትም ትርጉሙ በዚሁ ይገለጣል። ፊቅህ ዓሪያ የሚለው ውሰት የሚፈጸመው በዕቃው ላይ መብት ባለው ሰው ነው፤ ለባለቤቱ የገዛ ንብረቱን ማዋስ ግን ስያሜና ነገሩ ያልተገናኙበት ውል ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክሮችም በሚዛናዊነት ሊታዩ ይገባል። አንደኛው፣ የዩኔስኮ የ1970 ስምምነት ወደ ኋላ ተመልሶ የማይሠራ በመሆኑ የ1890ው ድርጊት በእርሱ አይዳኝም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ የሚዘጋው ግን የክሱን በር እንጂ የፍትሑን ጥያቄ አይደለም። ሁለተኛው «ለማን ይመለስ?» የሚለው ነው። ዑመር ታል የተወለዱት በዛሬዋ ሴኔጋል ነው፤ ኪታቦቹ የተወሰዱት ከዛሬዋ ማሊ ነው፤ ዝርያዎቻቸውም አሉ። ሴጉም ራሷ በዑመር ታል እጅ የገባችው በጦር ነበር። የጎራዴው ስለት እንኳ የተሠራው አልዛስ ውስጥ በምትገኘው ክሊንገንታል ነው፤ የተሠራበት ቦታ ግን ባለቤትን አይወስንም። የባለመብቱ ማንነት ማከራከሩ መርማሪ ያስፈልገዋል ማለት እንጂ ያዡን ባለቤት አያደርገውም።

የ2020ው ሕግ የተመለከተው ይህን ጎራዴና ከአቦሜ የተወሰዱትን 26 የቤኒን ቅርሶች ብቻ ነው፤ የሴጉ ኪታቦች በዚያ ሕግ አልተካተቱም። ለመምህርና ለኢማም ከጎራዴው ይልቅ የኪታቦቹ ነገር ይበልጥ ሊያሳስበው ይገባል፤ የዒልም ሰንሰለት የሚታየው በኅዳግ ማስታወሻቸው፣ በጸሐፊዎቻቸውና በባለቤቶቻቸው ስም ነውና።

በእኛም ሀገር በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ቅርሶች ጉዳይ የታወቀ ነው። ነገር ግን ኪታብ የሚጠፋው በጦርነት ብቻ አይደለም። ሸይኹ ሲሞቱ ወራሾች ይከፋፈሉታል፤ ምን እንደሆነ ያላወቀ ይሸጠዋል፤ ገዢውም ድንበር ያሻግረዋል። ሐረር ላይ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ያቋቋሙት ሙዚየም የእጅ ጽሑፎችን ሰብስቦ በመጠገን ይህን ጉዳት ለመግታት የተደረገ ብርቱ ጥረት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ የያዘ እንዲያስመዘግብ ያዛል፣ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትንም ይከለክላል።

ስለዚህ በየመስጂዱና በየሐሪማው ሦስት ነገሮች ቢደረጉ ይበጃል። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ኪታብ ላይ ያለው የወቅፍ ቃል፣ የጸሐፊው ስምና ማኅተሙ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ገጽ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ቅጂው በሌላ ቦታ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ኪታቡ ለጥገና ወይም ለዕይታ ወደ ሙዚየም ሲሄድ ዓሪያ ወይም ወዲዓ መሆኑ፣ የመመለሻውም ጊዜ በጽሑፍ ይስፈር። ሦስተኛ፣ ወቅፍ የሆነ ኪታብ የሸይኹ የግል ውርስ እንዳልሆነ ለቤተሰብና ለደረሳ ይነገር። ነገ አንድ ኪታብ በሩቅ አገር መደርደሪያ ላይ ቢገኝ የባለመብትነት ማስረጃ የሚሆነው ዛሬ የምንጽፈው መዝገብ ነው። አማና የሚጠበቀው ከጠፋ በኋላ በሚቀርብ አቤቱታ ብቻ ሳይሆን ከመጥፋቱ በፊት በሚያዝ መዝገብም ነው።