የሌስቦስ ሦስት ሺህ ዕጣ

የመሬት ቀያሽ ነኝ። የማንኛውም ቦታ ፕላን እጄ ሲገባ፣ ችካል ከመተከሉ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ይህን መሬት እስከ ዛሬ ሲያርስ የኖረው ማነው? ጥያቄውን ያጠነከረብኝ የጥንት ግሪኮች የመሬት ድልድል ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ሚቲሊኒ የተባለችው የሌስቦስ ደሴት ከተማ በአቴና ላይ ሸፍታ ተሸነፈች። ቱኪዲደስ እንደመዘገበው፣ አቴናውያን ካልሸፈተችው ከሜቲምና በቀር የደሴቱን መሬት 3,000 ቦታ ከፋፈሉት። 300ው ለአማልክት ተለየ፤ 2,700ው ከአቴና ለተላኩ ዜጎች በዕጣ ደረሰ። ነባሮቹ ግን አልተነቀሉም። በየዕጣው በዓመት 2 ሚና፣ ማለትም 200 ድራክማ፣ እየከፈሉ ያንኑ ማሳ ማረስ ቀጠሉ። አንድ ድራክማ በዚያ ዘመን የጥሩ ባለሙያ የቀን ገቢ ነበር። ባለርስቱ በገዛ ርስቱ ላይ ጭሰኛ ሆነ።

ድልድሉ ዘፈቀደ አልነበረም። ብሬያ የተባለችውን ሌላ ሰፈራ ለማቅናት የወጣው የአቴና ድንጋጌ በድንጋይ ተቀርጾ ደርሶናል፤ ከየነገዱ አንድ አንድ፣ በድምሩ 10 መሬት ደልዳዮች እንዲመረጡ፣ ሰፋሪዎቹም ከሁለቱ ዝቅተኛ የንብረት መደቦች እንዲሆኑ ያዝዛል። መሬት ለሌለው አቴናዊ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ሆኖም እኩልነት የተጠበቀው ዕጣ በሚያወጡት መካከል ብቻ ነበር። ነባሩ ገበሬ ከዕጣው ውጭ ነው። በትክክል የተለካ መሬት በትክክል ተሰጥቷል ማለት አይደለም።

ነባሩን መንጠቅ የአቴና ብቻ አልነበረም፤ በሊቢያዋ ቀሬናም መሬት ይታደላል ተብሎ አዳዲስ ግሪኮች ሲጎርፉ፣ የተነጠቁት ሊቢያውያን ለግብፁ ፈርዖን ለአፕሪስ አቤት አሉ። የላከላቸው ጦር ግን ተሸነፈ።

አቴና ራሷ የሰው መሬት ማደሏ ምን ያህል ቂም እንዳተረፈላት ታውቅ ነበር። በ377 አዲስ ኅብረት ስታቋቁም፣ አቴናዊ በአባል አገሮች ቤትም ሆነ መሬት እንዳይዝ በድንጋይ አስቀርጻ ቃል ገባች። በ365 ግን ሳሞስን ይዛ ዜጎቿን አሰፈረች፤ ሳሞስ የኅብረቱ አባል ስላልነበረች ቃሉ አይመለከታትም። የተባረሩት ሳሞሳውያን ወደ መሬታቸው የተመለሱት ከ40 ዓመት በላይ በስደት ቆይተው ነው።