ካርባይድ ጥርስ ያለው የባንድሶ ላማ መቼ ያዋጣል?



በወርክሾፕ ትምህርት ላይ ዘወትር የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ጥርሱ ካርባይድ የሆነ የባንድሶ ላማ ዋጋው ከተራው ላማ ብዙ እጥፍ ነው፤ ታዲያ ያዋጣል ወይ?» ከዋጋው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ እንዳለ ዛሬ ላስረዳችሁ እወዳለሁ፤ ይኸውም በእኛ ቤት ላማ የሚሞተው በምን ምክንያት ነው የሚለው ነው።

ካርባይድ የምንለው የተንግስተንና የካርቦን ውሕድ ዱቄት በኮባልት ተያይዞና በከፍተኛ ሙቀት ጠንክሮ የሚገኝ ቁስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በጀርመን የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ክሩፕ የተባለው ኩባንያ «ቪዲያ» ብሎ ለገበያ አቀረበው፤ ትርጓሜውም «እንደ አልማዝ» ማለት ነው። ስሙ ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። ካርባይድ መፋቅንና ሙቀትን እጅግ ይቋቋማል፤ ድንገተኛ ምት ሲያገኘው ግን ይሰበራል።

የባንድሶ ላማ በሦስት መንገድ ይሞታል። አንደኛ፣ ጥርሱ ቀስ በቀስ ይደንዛል። ሁለተኛ፣ ጥርሱ ከምስማር ወይም ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ይሸረፋል። ሦስተኛ፣ ጥርሱ ገና ስለታም ሳለ ጥርሱን የተሸከመው የብረት ቀበቶ ተሰንጥቆ ይበጠሳል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። 0.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀበቶ 450 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መንኮራኩር ላይ ሲታጠፍ፣ ውጫዊ ገጹ በ0.2 በመቶ ይለጠጣል፤ ይህም ወደ 400 ሜጋፓስካል የሚጠጋ ጫና ነው፤ የመወጠሪያው ጫና በዚህ ላይ ይታከላል። የቀበቶው ርዝመት 3.5 ሜትር፣ ፍጥነቱም በደቂቃ 900 ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ የቀበቶው ክፍል በአንድ ሰዓት ከ30,000 ጊዜ በላይ ይታጠፋል። ጥርሱ ካርባይድ ቢሆንም ጥርሱን የተሸከመው ብረት ከዚህ ድካም አያመልጥም።

አሁን ለስሌት የሚመቹ የግምት ቁጥሮች እንውሰድ። ተራው ላማ 1,000 ብር ነው፤ እስኪደንዝ ድረስም 10 ካሬ ሜትር ይቆርጣል። የካርባይዱ 8,000 ብር ነው፤ እስኪደንዝም 120 ካሬ ሜትር ይቆርጣል። እንግዲህ ለአንድ ካሬ ሜትር የተራው ወጪ 100 ብር፣ የካርባይዱ ግን 67 ብር ያህል ነው። ላማ ለመቀየር ማሽኑ የሚቆምበት ጊዜ ሲታሰብ የካርባይዱ ብልጫ ይበልጥ ይሰፋል። ነገር ግን ያው ላማ በ40ኛው ካሬ ሜትር ላይ ምስማር ቢያገኘው ወይም ቢበጠስ፣ ወጪው ወደ 200 ብር ያሻቅባል። የግዢ ዋጋውን ብቻ ብንወስድ፣ የካርባይዱ ላማ ከተራው ጋር የሚተካከለው 80 ካሬ ሜትር ሲቆርጥ ነው።

የመሳል ጉዳይም አለ። የተራውን ላማ ጥርስ በተለመደው የመሳያ ድንጋይ ደጋግመን ልንስል እንችላለን፤ ካርባይድ ግን የአልማዝ ድንጋይ ይፈልጋል። በአቅራቢያችን ይህን የሚሠራ ባለሙያ ከሌለ፣ ውዱ ላማ ሲደንዝ ዕድሜው ያበቃል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ሳልመረምር በአዲስ የካርባይድ ላማ ሰነጠቅሁ፤ በውስጡ የተቀበረ አሮጌ ምስማር በመጀመሪያው ቀን ጥርሶቹን አረገፋቸው። ላማው ጥፋት አልነበረበትም፤ ያለ ቦታው ያዋልኩት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር አኑሩ፤ የሚቀጥሉት አሥር ላማዎች ምን ያህል እንደ ቆረጡና በምን ምክንያት እንደ ወጡ መዝግቡ። አብዛኞቹ የወጡት ደንዘው ከሆነ፣ እንጨታችሁም ንጹሕ፣ ማሽናችሁም የማይንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ካርባይዱን ግዙ፤ በተለይ ሙጫ የበዛበትን ቺፑድ የምትቆርጡ ከሆነ ትጠቀማላችሁ። የወጡት ተሸርፈው ወይም ተበጥሰው ከሆነ ግን፣ ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ለመንኮራኩሩ ማስተካከያ፣ ለመወጠሪያውና ለእንጨት መመርመሪያ አውሉት። የላማ ግዢ በውጭ ምንዛሬ ለሚከናወንበት አገር መሐንዲስ፣ ይህ ደብተር ከማናቸውም የሻጭ ማስታወቂያ የበለጠ የታመነ መካሪ ነው።