ቢሮ የማያውቀው ወረቀት

እንጦጦ ላይ የሚጥለው ዝናብ መድረሻው ደቡብ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ውሃ እየሰበሰቡ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርዱት በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ስለሆነ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ የዘነበ የሐምሌ ዝናብ ዳፋው ታች ላሉት የወንዝ ዳር ቤቶች ይተርፋል። ውሃ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሕፃናት ይወጣሉ፣ ቀጥሎ ፍራሽና ቴሌቪዥን ከፍ ይደረጋል። አልጋ ሥር ባለው ሻንጣ በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠው ወረቀት ትዝ የሚለው ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው። እሳትም ቢሆን ያው ነው፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ እንደተነሳው ባለ ቃጠሎ ሱቅ ሲነድ የዱቤ መዝገቡና የኪራይ ውሉም ከሸቀጡ ጋር ይነዳሉ። አደጋ ባይደርስ እንኳ ሰው ከሰፈሩ ይነሳል። በ2017 መጀመሪያ ከካዛንቺስ በልማት ተነስተው አቃቂ ቃሊቲ ገላን ጉራ የገቡትን ቤተሰቦች ማሰብ ይበቃል፤ ጓዝ በጥድፊያ ሲጫን ለመጥፋት የሚቀናው ቀጭኑ ዕቃ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ ሰነድህን ፎቶ አንሳ፣ ስልክህ ላይ አስቀምጥ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። አብዛኛው ሰው ከፓስፖርትና ከመታወቂያ ይጀምራል፤ እነዚህ ግን ቢጠፉ በቀላሉ የሚተኩ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ባለ 12 አሃዝ ቁጥሩን ከነአሻራውና ከነዓይን ምስሉ በራሱ ቋት ይይዛል፤ ካርዱ ቢጠፋ ሰውዬው አልጠፋም። በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ፊት የተፈረመ ውል ወይም ውክልናም ቅጂው መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ይቀራል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተመዘገበ ልደትም እንዲሁ ከቤተሰቡ ሻንጣ ውጭ ሌላ ማደሪያ አለው። የእነዚህ ፎቶ የሚጠቅመው ለቁጥሩ፣ ለቀኑና ለጽሕፈት ቤቱ ስም ነው፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው መዝገብ ቤት ሲሄድ የሚጠብቀው ወረፋ ብቻ ነው፣ ያልያዘው ግን ፍለጋም ይጠብቀዋል።

መቅደም ያለበት ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ወረቀት ነው። አቃቂ የፋብሪካ አገር ነች፤ በጨርቃ ጨርቁ፣ በብረታ ብረቱና በምግብ ፋብሪካው ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰዎች እጅ ያለው የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ፋብሪካው ከተዘጋ ወይም ባለቤት ከቀየረ፣ ምናልባት በዓለም ላይ የቀረ ብቸኛው ማስረጃ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ የመጣው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራን ዘመን የሚናገረው ይኸው ደብዳቤ ነው። ሽማግሌ ፊት የተጻፈ የብድር ወረቀት፣ ለኮዬ ፈጬ ወይም ለቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የተከፈለበት የባንክ ደረሰኝ፣ የክትባት ካርድ፣ ሐኪሙ ለታካሚው በእጁ የሰጠው የምርመራ ውጤት ከዚሁ ወገን ናቸው። በከተማዋ ዳርቻ የመንደር ውል የሚባለውም አለ። ሕጉ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት የሚደረግ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ ፎቶ ማንሳት ለመንደር ውል የሌለውን ጉልበት አይሰጠውም፤ ገንዘብ መከፈሉን ለማሳየት ግን ከምንም ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያነሱት ተቃውሞ አለ፦ የስልክ ፎቶ የትኛው ቢሮ ይቀበላል? እውነት ነው፣ አብዛኛው አይቀበልም። የኑዛዜ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይጠብቃል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በግልጽ የተደረገም ሆነ ተናዛዡ በእጁ የጻፈው ኑዛዜ የሚረጋገጠው በዋናው ወይም ኑዛዜውን በአደራ የተቀበለው የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ባረጋገጠው ግልባጭ ነው። ስለዚህ የአባትን ኑዛዜ ፎቶ አንስቶ የተኛ ወራሽ ተሳስቷል፤ ኑዛዜ በአደራ መቀመጥ አለበት። ለውል ግን በሩ ሰፋ ይላል። አንቀጽ 2003 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መውደሙ ከተረጋገጠ በምስክር ማስረዳት እንደሚቻል ይደነግጋል። ከ500 ብር የበለጠ ብድር በመርህ ደረጃ ያለ ጽሑፍ እንደማይረጋገጥ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የፈረሙት ሦስት ምስክሮች እነማን ነበሩ? ቀኑስ? መጠኑስ? ፎቶው ራሱ ማስረጃ ሆኖ ባይቆም እንኳ ማስረጃው ያለበትን ይነግራል፤ ከዚህ በላይ መጠየቅም አይገባም።

ሁለተኛው ስጋት ስርቆት ነው፤ ይኼኛውን ቀለል አድርጎ ማለፍ አይቻልም። የቤት ካርታና የመታወቂያ ምስል በአንድ ስልክ ላይ ሲገናኙ ለአጭበርባሪ የተመቸ ድግስ ነው። ብዙው ሰው ስካን የሚያስደርገው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ፋይሉ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ሲቀር ግን ማንም ልብ አይለውም። እዚያው ቆሞ ማስጠፋት ነውር የለበትም። ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክም እጅግ የተለመደ ሆኗል፤ አካውንቱ ግን የታሰረው በስልክ ቁጥር ነው፣ ሲሙ ጊዜ አልፎበት ለሌላ ሰው ከተሰጠ የመግቢያው ኮድ የሚደርሰው ለአዲሱ ባለቤት ነው። ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማብራት ይህን በር ይዘጋል። ጉግልም ቢሆን ለሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንትን ሊሰርዝ ይችላል።

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ብቻውን የማይበቃበት ሌላ ምክንያት ደግሞ የራሳችን ታሪክ ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ ከአርቲስት ሀጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር፤ በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ፣ በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2015 በኋላ መቋረጡ ከዚያ እጅግ የረዘመ ነበር። ሰነድ በጣም የሚያስፈልገው ኔትወርክ በሌለበት ቀን ነው። በመሆኑም አንዱ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ፣ ሌላው በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፍላሽ በሌላ ሰፈር ዘመድ ቤት ቢሆን ይመረጣል። ጎረቤት ቤት አይሆንም፤ ያው ወንዝ ለሁለቱም ይደርሳል። ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት ካለ ሦስተኛውን መያዝ ይችላል፤ ውክልና ሲጻጻፉ መጥቀሙ አይቀርም።

ክፉ ማሰብ ሟርት ነው የሚሉም አሉ። እነዚሁ ሰዎች ግን የእድር መዋጮ አያሳልፉም፤ እድር ስለ ሞት አስቀድሞ የተደረገ ዝግጅት እንደሆነ እያወቁ ማንም ሟርተኛ አላላቸውም። የበለጠ የሚያሳስበው የይለፍ ቃሉ ጉዳይ ነው። ሁሉን ያዘጋጀው ብዙ ጊዜ ስልክ የሚችለው ወጣት ልጅ ነው፣ እሱ አረብ አገር ከሄደ እናትና አባት የራሳቸውን ወረቀት መክፈት ያቅታቸዋል። ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው፣ አንዱ አዋቂ ይሁን። ፍላሽም ሳይነካ ተቀምጦ ይበላሻልና በየዓመቱ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከፍቶ ማየትና አዲስ የመጡ ወረቀቶችን መጨመር ያስፈልጋል፤ ሥራው የአንድ ከሰዓት ያህል ነው።