ለተከሳሹ ማን ይመርምርለት?

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በይፋ ከተመሠረተ ወዲህ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በቦንጋ ስለ ፍትሕ ሲወራ የሚነሳው የዳኛ ማነስና የቀጠሮ መርዘም ነው። ለይግባኝ ሐዋሳ ድረስ የሚኬድበት ዘመን ስላለፈም ብዙዎች እፎይ ብለዋል። ከችሎት ውጭ ያለው ሥራ ግን አይነሳም። ተከሳሹ ንጹሕ ቢሆን፣ ይህን የሚያሳየውን ማስረጃ ማን ይፈልግለታል?

በሌላው ዓለም ለዚህ የቆመ ሙያ አለ፤ የግል መርማሪ ይባላል። ለጠበቃው ምስክር ያፈላልጋል፣ የወንጀሉን ቦታ ዞሮ ያያል፣ የፖሊስን ምርመራ ከሥሩ ይፈትሻል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣችው ሕግ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት የተከሰሰ ድሃ ከጠበቃ ሌላ የመርማሪ ወጪም በመንግሥት እንዲሸፈንለት ፈቀደች። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2000 ተከላካይ ጠበቃ የራሱን ምርመራ እንዲያካሂድ፣ ፈቃድ ያለው የግል መርማሪም እንዲያሰማራ በሕግ ደነገገች።

በእኛ አገር የድሮው አውጫጭኝ መንደሩን ሰብስቦ ጥፋተኛውን ያስወጣ ነበር፤ ሌባ ሻይም የሚያድነው ሌባን ነበር። ለተከሳሹ የሚደክም አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ መከላከያ ማስረጃ የማቅረብና ምስክሮቹ ቀርበው እንዲሰሙለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችለውም መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። የሚቆምለት ተከላካይ ጠበቃ ግን መዝገብ ከማገላበጥ አልፎ ወደ መስክ የሚልከው መርማሪ የለውም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በዘረጋው አካሄድ፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ክሱ ካልተረጋገጠ ተከሳሹ በዚያው ይሰናበታል፤ አለዚያ «ተከላከል» ይባላል። ያኔ የምስክሮቹን ስምና አድራሻ ማስመዝገብ አለበት። የቡናው አገር ችግር ከዚህ ይጀምራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በበበቃና በቴፒ እርሻዎች፣ በገበሬውም ማሳ፣ ከከምባታና ከወላይታ ሳይቀር ለቃሚ ይጎርፋል። በዚህ ወቅት ሌሊት ቀይ ቡና ይሰረቃል፣ በወሰን ጠብ ገጀራ ይመዘዛል። ለተከሳሹ «ያን ሌሊት አብሮን ነበር ያደረው» የሚልለት ሰው አብሮት የለቀመ ባዳ ነው። መዝገቡ ለመከላከያ ሲደርስ ለቀማው አልቋል፤ ምስክሩ ሒሳቡን ተቀብሎ አገሩ ገብቷል። መጥሪያው ቀበሌ ይደርሳል፣ «አይታወቅም» ተብሎ ይመለሳል። እስረኛው ራሱ ወጥቶ አይፈልግም። የሚፈልግለት ወንድሙ ወይም ሚስቱ ናት፤ የሚያገኙትም ዘመድና ጎረቤት ነው። ዘመድ ሲመሰክር ደግሞ ዳኛው ቃሉን በጥርጣሬ ያየዋል።

ከብዙ የሕግ ሰዎች ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። ጠበቃ ምስክርን ከችሎት በፊት ካነጋገረ አስጠና ይባላል ብለው የሚፈሩ አሉ። በመስቀለኛ ጥያቄ «ጠበቃው አነጋግሮሃል?» ሲባል ምስክሩ ይደነግጣል፤ ወንጀል የሠራ ይመስለዋል። የዐቃቤ ሕግ ምስክር ግን አስቀድሞ ጣቢያ ተጠርቶ፣ በመርማሪ ፖሊስ ተጠይቆ፣ ቃሉን በፊርማው አጽንቶ ነው ችሎት የሚቀርበው። ይህን ማስጠናት ያለ የለም። ማነጋገርና ማስጠናት ለየቅል ናቸው። እንዲያውም ቀድሞ ያነጋገረ መርማሪ ሐሰተኛውን ምስክር ከደጅ ይመልሰዋል፣ ለተከሳሹም የማይጠቅመውን ይነግረዋል። መጀመሪያ ያለ ጠበቃ የተፈረደበት አሜሪካዊው ክላረንስ ጌዲዮን እ.ኤ.አ. በ1963 ክሱ እንደገና ሲታይ ነጻ የወጣው ጠበቃ ስለቆመለት ብቻ አይደለም፤ ጠበቃው አስቀድሞ ምስክሮችን ዞሮ ስላነጋገረም ነው።

የስልክ ጥሪ ዝርዝርና የሐኪም ማስረጃ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ አልቆይባቸውም። ከባዱ ሰውን ማግኘት ነው። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ነጻ የሕግ ድጋፍ እስካሁን በአብዛኛው ምክርና ማመልከቻ መጻፍ ነው፤ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቤንችኛ፣ የሸክኛና የካፊኛ ተናጋሪ ይዘው ወደ ቀበሌዎቹ ቢወጡ ግን ብዙ መዝገብ መልኩን ይለውጥ ነበር። ክልሉም ፍርድ ቤቶቹን ሲያደራጅ በየዞኑ ለተከላካይ ጠበቆች አንድ የመስክ ሠራተኛና አንድ ሞተር ሳይክል ይመድብ፤ ሠራተኛውም «ተከላከል» እስኪባል ሳይጠብቅ፣ ለቃሚዎቹ ገና ካምፕ ውስጥ ሳሉ ይድረስ።