ፊደል የቆጠረ ሁሉ አያነብም

አንደኛ ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። መስከረም በጠባ ቁጥር ወላጆች ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ ደስ እያላቸው የሚነግሩኝ ነገር አለ፤ «ፊደል ጨርሳለች እኮ፣ መምህርት» ይሉኛል። ልጅቷም ስትጠየቅ ከ«ሀ» ተነሥታ እስከ «ፖ» ድረስ በዜማ ትወርደዋለች። ያን ያስጠናት ሰው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ንባብ ገና አልተጀመረም።

ይህን የማረጋግጥበት መንገድ ቀላል ነው። ከካርቶን ላይ አንዲት ፊደል ብቻ የምታሳይ ትንሽ መስኮት እቀድና ገበታው ላይ አሳርፋለሁ። በመስኮቱ «ሞ» ትታይ እንበል። ልጅቷ ዝም ትላለች። ቀጥሎ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ እያለች ከመነሻው ቆጥራ ትደርስባታለች። የመስመሩ መነሻ ስለተሸፈነበት ጭራሽ የሚጠፋበትም ልጅ አለ። ዜማውን በቃሉ ይዞታል፤ ፊደሏን ከሰልፏ ወጥታ ሲያገኛት ግን አያውቃትም። መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ፊደላት በሰልፋቸው ቆመው አይጠብቁትም።

ነገሩ የእኔ ክፍል ችግር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰዋል፤ ደብተራቸውም በጽሑፍ የተሞላ ነበር። ከሰሌዳ መገልበጥና ማንበብ ግን ለየቅል ናቸው።

የቀደሙት የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ተማሪው ሀሁን በቃሉ ሲወጣው ወደ ንባብ ከመሻገሩ በፊት አቡጊዳ ይጠብቀዋል። እዚያ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ይሄዳል፤ የፊደላቱ ተራ ተለውጧል፣ እያንዳንዷም በሌላ ድምፅ ትመጣለች። የለመደው ዜማ ስለማያደርሰው፣ በስንደዶ የሚጠቁማትን ፊደል በዓይኑ ለይቶ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። እኛ ከዚያ ትምህርት ቤት ሀሁውን ወስደን አቡጊዳውን ብዙ ጊዜ ረስተነዋል።

ፊደላችን ብዙ ነው። 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ «ሏ»ና «ቋ» ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። ልጅ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ይሸምድድ ማለት ጭካኔ ነው። ደግነቱ ፊደሉ ሥርዓት አለው። ካዕብ ቅጥያውን ወገቡ ላይ፣ ሣልስ እግሩ ላይ ያደርጋል፤ ኃምስ እግሩ ሥር ቀለበት አለው። «ቡ፣ ሉ፣ ሙ»ን ጎን ለጎን አድርጌ «ምናቸው ይመሳሰላል?» ስላቸው ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል። «ሩ» እና «ፉ» ከደንቡ ሲወጡም የሚይዙኝ እነሱ ናቸው። ሳድስ ግን በየፊደሉ መልኩን ስለሚለዋውጥ ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ለእሱ ነው። «ነ»ና «ኘ»፣ «ተ»ና «ቸ»፣ «ደ»ና «ጀ» ደግሞ የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለው ሰረዝ ስለሆነ፣ አንደኛውን በደንብ ሳይለዩ ሁለተኛውን አላመጣባቸውም።

ከዓይን በፊት ግን ጆሮ ይቀድማል። ጠዋት ጠዋት መጽሐፍ ሳንከፍት በጭብጨባ እንጫወታለን። «ዳቦ» ስል ዳ-ቦ ብለው ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ። «ከ‹ዶሮ› ላይ ‹ዶ›ን ብናወጣ ምን ይቀራል?» እላቸዋለሁ። ቃል በድምፅ እንደሚከፋፈል በጆሮው የለየ ልጅ፣ ፊደል የድምፅ ምልክት መሆኗን ለመረዳት አይቸገርም። ስለዚህ ፊደል ሁሉ እስኪያልቅ አልጠብቅም። ጥቂት ፊደላት እንደተያዙ ዶሮ፣ ቡና፣ ዳቦ፣ ጫማ፣ ሻማ ይነበባሉ፤ ሁሉም ሁለት ፊደል፣ ሁሉም ቤታቸው ያለ ነገር ነው።

ፈተናው «ቤት» ላይ ይመጣል። አንዲት ተማሪዬ «ቤ» ትልና «ት»ን እየጎተተች ትደጋግማለች፤ ሁለቱ አልጋጠም አሏት። «ማታ የት ነው የምትገቢው?» አልኳት። ጣቷን ከቃሉ ሳታነሳ «ቤት!» ብላ ጮኸች። ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዴ ድምፁን ይውጣል፤ «ልጅ» በሚለው ቃል «ል» አንደኛውን፣ «ጅ» ሁለተኛውን ያደርጋል። መጥበቅና መላላትም በጽሑፍ አይታይም፤ በ«ሰፊ ሜዳ»ና በ«ልብስ ሰፊ» ውስጥ ያለው «ሰፊ» አንድ ዓይነት ተጽፎ ሁለት ዓይነት ይነበባል። ልጁን ከዚህ የሚያወጣው ቃሉን አስቀድሞ በአፉ የሚያውቀው መሆኑ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ማለቱን የምደግፈውም ለዚህ ነው። ቤቱ ሌላ ቋንቋ ተናግሮ አማርኛ ክፍል ለሚገባ ልጅ ደግሞ ከፊደሉ በፊት ወሬ፣ ተረትና ጨዋታ ይቅደምለት።

ጽሕፈትን ከንባብ ለይቼ አላስተምርም። ያነበቡትን ቃል መጽሐፉን ዘግተው እኔ እየጠራሁላቸው ይጽፉታል፤ የቃል ጽሕፈት ከመገልበጥ አሥር እጅ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ልጁ ድምፁን ሰምቶ ፊደሉን ከራሱ ያወጣዋል። እጃቸው ገና ላልጠና ልጆች መሬት ላይ በእንጨት መጻፍም ይበቃል፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ መሄዱን ይልመዱት እንጂ። «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ የአንደኛ ክፍል ልጅ ግን በቀይ እስክሪብቶ አይሰረዝበት። ድምፁን በትክክል ሰምቷል፤ የትኛው «ሀ» እንደሆነ በጆሮ አይለይም። ያን ከመጽሐፍ ጋር ሲለማመድ በዓይኑ ይይዘዋል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሀሁን ሲወርድላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ከዚያም ከመካከል አንዷን ፊደል ጠቁማችሁ ጠይቁት። መንገድ ላይ «ዳቦ ቤት» የሚለውን ማስታወቂያ አስነብቡት። ራሳችሁ ማንበብ ባትችሉም ማታ ማታ ጮክ ብሎ ሲያነብ ጎኑ ተቀመጡና «ከዚያስ ምን ሆነ?» በሉት፤ የገባው ልጅ ይተርክላችኋል፣ ያልገባው ተመልሶ ያነባል። ርእሰ መምህራንም ድልድል ስታወጡ አንደኛ ክፍልን የተረፈ መምህር መመደቢያ አታድርጉት። የፊዚክሱም፣ የታሪኩም መምህር በኋላ የሚደርሰው ማንበብ ወደሚችል ልጅ ነው፤ ጎበዙን መምህራችሁን አስቀድማችሁ ለእነዚህ ሕፃናት ስጧቸው።